መቃብሩ ቤቱን እንዳይውጥ

(ለአጥቢያ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ጉዳይ ለመናገርም ለመስማትም የሚከብድ ነው። ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ምርጥ ዘር ወይም ስለ ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ሁላችንንም ቀለል ይለን ነበር። ነገር ግን በሥራችን ላይ ሳለን ደጋግሞ በራችንን ያንኳኳ፣ እኛም ደጋግመን ያሳለፍነው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ሰው የሞተበት ድኻ የቀብሩን ወጪ ከየት ያመጣል? ማንንስ ይጠይቃል? የሚል ነው።

በዚህ ነገር ለማስተማር ከመነሣታችን በፊት ጥፋታችንን መናገር ይገባናል። ስለዚህ በአንድ ቤት ታሪክ እንጀምር። የቤቱ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን ስለሚኖሩ ስማቸውንም ከተማቸውንም አንጠራም።

አንድ ቤት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ባልየው ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ሚስቱ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሦስት ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያዪቱ ልጅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስትሆን ደብተርና የደንብ ልብስ የምታገኘው ከእኛ ፕሮጀክት ነበር። ባልየው ታመመ። ሕመሙ ሲጠና ያላቸውን ሁሉ ለመድኃኒት አወጡ። ለመድኃኒት ከዋለው ገንዘብ ውስጥ የዕድር ወርኃዊ መዋጮም ነበረበት። ሰውየው ለሰባት ዓመት አንድም ወር ሳያስታጉል የከፈለ አባል ነበር። የዕድሩ ደንብ ግን ሦስት ወር ያልከፈለ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው፣ በአራተኛው ወር እንዲሰረዝ ያዛል። በአራተኛው ወር ተሰረዘ። በአምስተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ሞተ።

ሚስቱ በማግሥቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቢሮአችን መጣች። መርዶውን ልትነግረን የመጣች መስሎን ተነሥተን ልናጽናናት ጀመርን። እርሷ ግን፦ «ወንድሞቼ፣ ሬሳው ቤት ውስጥ ነው፤ ሳጥን የምገዛበት የለኝም» አለችን።

እኛም ምን አደረግን? የበጀት መዝገባችንን ገለጥን። ለትምህርት መሣሪያ የሚል አርእስት አለ፤ ለጤና የሚል አርእስት አለ፤ ለቀብር የሚል ግን የለም። ስለዚህ በትሕትና ቃል፣ ግን በግልጽ፣ ፕሮጀክቱ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት እንደማይችል ነገርናት። ከየኪሳችን 350 ብር አዋጥተን ሰጠናት፤ ጸለይንላት፤ እስከ በር ሸኘናት። ከሰዓት በኋላም ከቀብር ሄድን። በዚያ ቀን ማታ ሕሊናችን አልወቀሰንም። ደንቡን ጠብቀን፣ ከኪሳችንም ሰጥተን የለም ወይ?

በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን የልጆችን ስም ስንመዘግብ የዚያች ልጅ ስም ጎደለ። ወደ ቤቷ ሄድን። ልጅቷ የለችም። በሌላ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራለች፤ ደመወዟም በእናቷ በኩል አልፎ በቀጥታ አራጣ አበዳሪ እጅ ይገባል። እናቲቱ ለቀብሩ 8,000 ብር በወር አሥር በመቶ ወለድ ተበድራ ነበር። በየወሩ 800 ብር ለወለድ ትከፍላለች። አሥር ወር ከፍላለች፤ ይኸውም 8,000 ብር ማለት ነው። ዋናው ዕዳ ግን ሳይነካ እንዳለ ነበር። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። እንዲህ ብቻ አለችን፦ «ባሌን ቀበርኩት፤ ዕዳውን ግን የምቀብርበት ቦታ አጣሁ።»

ወዳጆች ሆይ፣ እኛ ለዚያች ልጅ ለሦስት ዓመት ደብተር ገዝተናል፤ የደንብ ልብስ አሰፍተናል፤ ለለጋሾች ስለ እርሷ ሪፖርት ጽፈናል። ያንን ሁሉ አንድ የቀብር ቀን ወሰደው። የበጀት አርእስት የለም ብለን የመለስነው ጉዳይ አርእስት ያለውን ሥራችንን አፈረሰው።

ሁለት ወጪ እንጂ አንድ አይደለም

ከዚያ በኋላ ከሴትዮዋ ጋር ተቀምጠን 8,000 ብሩ በምን ላይ እንደ ዋለ አንድ በአንድ ቆጠርን። እኛ የሰጠናት 350 ብር የመግነዣ ጨርቅና የመሳሰለውን ችሏል። ሳጥኑ 1,800 ብር ነው። አስከሬኑን ወደ መቃብር ላደረሰ መኪና 700 ብር። ለቆፋሪዎች 500 ብር። ይህ 3,000 ብር ይሆናል። የቀረው 5,000 ብር የት ገባ? ዕድር ስለሌላት ለድንኳንና ለወንበር ኪራይ 1,200 ብር ከፍላለች። 3,800 ብር ደግሞ ለሦስት ቀን ለለቀስተኛው ንፍሮ፣ እንጀራ፣ ወጥ፣ ቡናና ስኳር ዋለ።

ከዚህ ቆጠራ አንድ ትልቅ ነገር ተማርን። ሰው ሲሞት ሁለት ወጪ አለ። አንደኛው የቀብር ወጪ ነው፤ ሁለተኛው የለቅሶ ወጪ ነው። የመጀመሪያው የማይቀር ነው፤ ሰውን በክብር መቅበር ግዴታችን ነው። ሁለተኛው ግን አብዛኛው የመጣው ከእኛው፣ ከለቀስተኞቹ ነው። እኛም በዚያ ድንኳን ተቀምጠን ከዚያ ንፍሮ ቀምሰናል። ልናጽናናት ሄደን ዕዳዋን ስንጨምር አላወቅንም ነበር።

ለቅሶ ቤት የሚጸናው ለቀስተኛው በልቶ ሲነሣ ብቻ ነው የሚል አለ። ይህ እውነት እንዳልሆነ ሁላችንም አንድ ጊዜ አይተናል። የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ስብሰባ ተከልክሎ ነበር። በዚያን ወራት ወዳጆቻችንን የቀበርነው በጥቂት ሰዎች ነው። ልባችን ተሰብሮ ነበር፤ አብሮ ማልቀስን የመሰለ ነገር እንደሌለ ያኔ አወቅን። ነገር ግን ድግስ ስላልነበረ ሟቾቻችን ክብር አጡ ያለ ሰው አልሰማንም። የጎደለው ሰው ነበር፤ ምግቡ አልነበረም። እንግዲህ ወደ ሐዘን ቤት መሄዱን አናስቀር፤ ሐዘንተኛው እንዲያበላን መጠበቁን ግን እናስቀር።

ዕድር የያዘውና ያመለጠው

እንደሚታወቀው በአገራችን ለዚህ ችግር አባቶቻችንና እናቶቻችን ያበጁት መልስ ዕድር ነው። ዕድር በተለይ በ20ኛው መቶ ዘመን ከከተሞች ማደግ ጋር ተስፋፋ። ከየገጠሩ ወጥቶ በከተማ የሰፈረ ሰው ዘመዶቹ በሩቅ ስለ ነበሩ፣ ጎረቤቱን በደንብና በመዋጮ ዘመድ አደረገው። ጡሩምባ ነፊው ማልዶ በየመንደሩ ይናገራል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳህኑ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ገንዘብ ያዡ በደንቡ የተወሰነውን ብር ለሐዘንተኛው ያስረክባል። እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ኢትዮጵያና ስለ ታንዛንያ የቀብር ማኅበራት የታተመ አንድ ጥናት፣ እነዚህ ማኅበራት የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና የተወሰነ መዋጮ ያላቸው፣ እንደ መድን ድርጅት የሚሠሩ መሆናቸውን ገልጿል። ሊቃውንት በጥናት ያገኙትን የሰፈራችን የዕድር ዳኞች ቀድሞውኑ ያውቁት ነበር።

ዕድር ሞትን ብቻ ሲያገለግል አልቀረም። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤድስ ብዙ ወጣቶችን በወሰደ ጊዜ የብዙ ዕድሮች ሣጥን ተራቆተ። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች አንዳንድ ዕድሮች፦ ሰው እስኪሞት ለምን እንጠብቃለን? ብለው የታመመውን መጠየቅና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት ጀመሩ። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሆኖም ዕድር ወንፊት ነው፤ ብዙውን ይይዛል፤ ደቃቁ ያመልጠዋል። ያመለጡትን ስናያቸው እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ መግቢያ መክፈል ያልቻለ ሰው። ዕድሩ ዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብና ዕቃ ስላለ አዲስ አባል ድርሻውን ክፈል ይባላል፤ ድኻ ይህን አይችልም። ሁለተኛ፣ የኪራይ ቤት እየቀያየረ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚሄድ ቤተ ሰብ። ሦስተኛ፣ እንደዚያ ሰው መዋጮው የተቋረጠበት። ልብ በሉ፣ መዋጮ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ ሰው ሲታመም ነው፤ ስለዚህ ዕድር የሚያስፈልገው ሰው ዕድሩን የሚያጣው ሊሞት ሲቃረብ ነው። አራተኛ፣ ሟቹ በመዝገብ ካልተጻፉት ወገን ሲሆን፤ ከገጠር የመጣ የወንድም ልጅ፣ የተጠጋች አክስት፣ የቤት ሠራተኛ።

አምስተኛውን ከታሪካችን እናውቀዋለን። ከዚህ ቀደም በልዩ ልዩ ስፍራ ወንጌላውያን አማኞች በእምነታቸው ምክንያት ከዕድር ተባረዋል፤ የመቃብር ቦታም ተነፍገዋል። አረጋውያኖቻችን አስከሬን ተሸክመው ቦታ ሲለምኑ የዋሉበትን ቀን ዛሬም ያወሱታል። ይህን የቀመሰ ሕዝብ ሌላውን ሐዘንተኛ በር ላይ ማቆም አልነበረበትም። እኛ ግን በጠዋቱ ሁለት ሰዓት አቆምናት።

ቃሉ ምን ያሳየናል

በኦሪት ዘፍጥረት 23ኛው ምዕራፍ አብርሃም ሣራ በሞተችበት ጊዜ ምን እንዳደረገ ተጽፎአል። መጻተኛ ነበር፤ ለመቃብር የሚሆን መሬት አልነበረውም። ከሐዘኑ ተነሥቶ በአገሩ ሰዎች ፊት ቆሞ ቦታ ጠየቀ፤ የመክፌላን ዋሻና እርሻውን ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ገዛ። የእምነት አባት የሚባለው ሰው እንኳ በሐዘኑ ቀን ወጥቶ መጠየቅ ነበረበት። አብርሃም ግን ብር ነበረው። ብር የሌለው ምን ያድርግ?

ለዚህ መልሱን የምናገኘው በጌታችን ቀብር ነው። ጌታችን የራሱ መቃብር አልነበረውም። የአርማትያሱ ዮሴፍ ወደ ጲላጦስ ገብቶ አስከሬኑን ለመነ፤ በበፍታ ገነዘው፤ ለራሱ ባስወቀረው አዲስ መቃብር አኖረው። ኒቆዲሞስም ሽቱ ይዞ መጣ። እናቱ ማርያም ለሳጥን ወይም ለሽቱ ከደጅ ወደ ደጅ ስትሄድ አናነብም። አንዱ ወደ ባለ ሥልጣን ሄደ፤ አንዱ ዕቃ አመጣ፤ ቦታውም ተሰጠ። ከዚህ የምንማረው፣ በቀብር ቀን ደጅ መጥናት ያለበት ሐዘንተኛው ሳይሆን ወዳጁ መሆኑን ነው። በእርዳታ የተቀበረውን ጌታ የምናመልክ ሰዎች በእርዳታ መቀበርን እንደ ውርደት ልናይ አንችልም።

ከመካከላችን የሚነሡ ጥያቄዎች

ይህን ስንናገር ሁለት ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልናል። የመጀመሪያው፦ «የልማት ገንዘብ ለሕያዋን ነው፤ ለሙታን አይደለም» የሚል ነው። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ነገር ግን የቀብር ገንዘብ ለሞተው አይሰጥም፤ እርሱ ከእንግዲህ ምንም አያስፈልገውም። የሚሰጠው በማግሥቱ ለሚነሡት ልጆች ነው።

ሁለተኛው፦ «ቀድመው ለምን አልቆጠቡም? መርዳት ስንፍናን አያስተምርም ወይ?» የሚል ነው። ያ ሰው ሰባት ዓመት ቆጥቦ ነበር። ቁጠባው በዕድሩ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ አራት ወር ታሞ ስላልከፈለ ቀረበት። እርሱን ቁጠባ ልናስተምረው አንችልም ነበር። አራት ወር ግን ልንከፍልለት እንችል ነበር። ያ መዋጮ ለአራት ወር ተደምሮ አንድ የደንብ ልብስ ከምናሰፋበት ገንዘብ ያነሰ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ

ከዚያ ቤት ወዲህ በሥራችን የሞከርነውንና የጠቀመንን በየተራ እናቅርብ። ለየአጥቢያችሁ እንደሚመች አድርጋችሁ ውሰዱት።

አንደኛ፣ ከሞት በፊት እንወቅ። ዲያቆናት ቤት ለቤት ሲጠይቁ «ዕድር አላችሁ ወይ? መዋጮው ደርሷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሰው በጠና ሲታመም ከምንወስድለት ብርቱካን በፊት የዕድር መዝገቡን እንይለት። ያልደረሰውን መዋጮ አጥቢያው ይክፈል። ዕድር የሌለውን መግቢያውን በየወሩ ከፍሎ እንዲጨርስ ከዕድሩ ዳኛ ጋር እንነጋገርለት። ብዙ ዳኞች ሽማግሌ ሄዶ ሲጠይቃቸው እሺ እንዳሉን እንመሰክራለን።

ሁለተኛ፣ የምእመናን ዕድር ማቋቋም መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሰፈር ዕድር አንውጣ። ጎረቤቱን ትቶ ከወንድሞቹ ጋር ብቻ የሚቀበር ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኝበትን አንዱን በር ዘግቷል። ሁለቱንም መክፈል ላልቻለ የሰፈሩ ዕድር ይቅደም፤ የሌሊት ጩኸት የሚሰማው ጎረቤት ነውና።

ሦስተኛ፣ በየአጥቢያው ሦስት ሰዎች ይመረጡ፤ ከእነርሱም አንዷ ሴት ትሁን። ሞት በተሰማ ሰዓት ሐዘንተኛው ሳይጠይቅ እነርሱ ይሂዱ። አንዱ ሳጥንና መግነዣ ይግዛ፤ አንዱ መቃብሩንና መኪናውን ይጨርስ፤ ሴትዮዋ ከቤቱ እመቤት ጋር ተቀምጣ ምን እንደሚያስፈልግ ቀስ ብላ ትረዳ። ሳጥኑን አናጢ የሆነ ወንድም ቢሠራው፣ ጉድጓዱን ወጣቶቻችን ቢቆፍሩት ብዙ ወጪ ይቀራል። ለዚህ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ሁልጊዜ በእጃቸው ይኑር፤ ሬሳ በቤት ተቀምጦ የኮሚቴ ስብሰባ አይጠራም። ሒሳቡን ግን በየሦስት ወሩ ለሽማግሌዎች ያቅርቡ።

አራተኛ፣ የለቅሶውን ምግብ ምእመናን ይቻሉት። ሴቶቻችን ለዚህ ከማንም ይልቅ የተዘጋጁ ናቸው፤ አንዷ እንጀራ፣ አንዷ ወጥ፣ አንዷ ቡና ይዛ ትመጣለች። የቀሩት ለቀስተኞች ውሃ ጠጥተው ይነሡ። ይህንንም ሽማግሌዎች ቀድመው በጉባኤ ይናገሩ፤ ሐዘንተኛዋ ራሷ «አላበላም» ብትል ስሟ ይጠፋል፤ ሽማግሌ ሲናገረው ግን ሥርዓት ይሆናል። ባለጠጎቻችንም በራሳቸው ሐዘን ቀን ድግሱን ቀነስ ቢያደርጉ ለድኻው መንገድ ይጠርጉለታል። ድኻ የሚበደረው ሀብታሙ ካደረገው እንዳያንስ ነው።

አምስተኛ፣ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ እኛ አንነሣ። ያን ጊዜ «ተበድራችኋል ወይ? ከማን? በስንት?» ብለን እንጠይቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለብድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። ያቺ እናት በሕጉ ጣራ ቢታሰብላት የአሥሩ ወር ወለድ በጠቅላላው 800 ብር በሆነ ነበር። እርሷ ግን ያንን በየወሩ ከፈለች።

ስድስተኛ፣ የሚገባቸውን ገንዘብ እንዲያገኙ እንርዳቸው። ድኻ ብዙ ጊዜ ምጽዋት የሚለምነው መብቱን ስለማያውቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሰው በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ሲሞት፣ ከሌላው ካሣ በተጨማሪ ለቀብር ማስፈጸሚያ ከሁለት ወር ደመወዙ የማያንስ ገንዘብ ለቤተ ሰቡ መከፈል አለበት። በዚሁ አዋጅ የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ ወላጁ ወይም የቅርብ ዘመዱ የሞተበት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ ሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ያገኛል። የጡረታ መዋጮ ሲከፈልለት የነበረ ሰው ሲሞት ለሚስቱ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆቹ፣ በእርሱ ይረዱ ለነበሩ ወላጆቹም የሚገባ መብት አለ። በመኪና አደጋ የሞተ እንደ ሆነ የሦስተኛ ወገን መድን አለ። ይህ ሁሉ ግን የሞት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ከሐዘንተኛው ጋር ወደ ወረዳው ወይም ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይሂድ። ማንበብ የማትችልን መበለት ብቻዋን በጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ አንተዋት።

ሰባተኛ፣ የተረዳውን ሰው ስም ከመድረክ አንጥራ፤ በሪፖርትም ፎቶግራፉን አናውጣ። እርዳታውም የእኛ አባል ለሆነውና ላልሆነው እኩል ይሁን። ሙስሊም ጎረቤታችን ሰው ቢሞትበትና ቢቸገር፣ ኦርቶዶክስ ጎረቤታችንም ቢቸገር፣ እንደ ሥርዓታቸው እንዲቀብሩ እንርዳቸው። በሐዘንተኛ ችግር ገብቶ አባል መመልመል ከአራጣ አይሻልም።

ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለረዳቶቻችን

አብረውን ለሚሠሩ ሠራተኞች አንድ ቃል አለን። ደንብ መጠበቅ ኃጢአት አይደለም፤ የተሰጠንን ገንዘብ ለተሰጠበት ጉዳይ ማዋል ታማኝነት ነው። ጥፋታችን ደንቡን መጠበቃችን አልነበረም። ጥፋታችን «በጀት የለም» ካልን በኋላ ነገሩ ያለቀ መምሰሉ ነው። ከቢሮአችን እስከ አጥቢያው ሽማግሌዎች ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። ከእርሷ ጋር አልሄድንም። በዚያው ወር በጻፍነው ሪፖርት ላይም ይህ ችግር መኖሩን አልገለጽንም፤ እንዲህ ያለ አርእስት ይከፈትልን ብለንም አልጠየቅንም። ሠራተኛ ሁሉ ገንዘብ መስጠት አይችልም፤ ሠራተኛ ሁሉ ግን አብሮ መሄድና መጻፍ ይችላል።

ይህን ሥራ በጸሎትና በገንዘብ ለምትረዱ ወገኖች ደግሞ፦ ስጦታችሁን ለውሃ ጉድጓድና ለትምህርት ቤት ስትልኩ ደስ ይለናል፤ ቆመው ይታያሉ። ለድንገተኛ ችግር ብላችሁ የምትልኩት ጥቂት ገንዘብ ግን አይታይም፤ ጽላትም አይለጠፍበትም። ነገር ግን የተቆፈረውን ጉድጓድ ውሃ የምትቀዳ፣ በተሠራው ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ በቦታዋ እንድትገኝ የሚያደርገው እርሱ ነው።

የዚያ ቤት ፍጻሜ

የዚያ ቤት ነገር ምን እንደ ሆነ ሳንነግራችሁ ብንቀመጥ አትረኩም። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ወደ አበዳሪው ሦስት ጊዜ ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን አላስገባቸውም። በሁለተኛው ቀን ዋናውን 8,000 ብር ሙሉ ካልተከፈለኝ አለ። በሦስተኛው ቀን ሒሳቡን በሕጉ ጣራ አስልተው አሳዩት፤ በዚያ ስሌት የሚቀረው 800 ብር ብቻ ነበር። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ 1,500 ብር ተቀብሎ ወረቀቱን በፊታቸው ቀደደው። ያን ብር አጥቢያው በአንድ እሑድ አዋጣው።

ልጅቷ ተመልሳለች። አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርታለች፤ በዕድሜ ከሚያንሷት ልጆች ጋር ትማራለች፤ ከእኩዮቿ ጋርም እንደ ቀድሞው አትጫወትም። ያ ዓመት አይመለስላትም። እናቲቱ አሁን በአጥቢያዋ ከተመረጡት ሦስት ሰዎች አንዷ ናት። ሞት በተሰማበት ቤት ቀድማ የምትገኘው እርሷ ናት፤ ገብታም መጀመሪያ የምትጠይቀው ነገር፦ «ብር ልትበደሩ ወደ ማንም አልሄዳችሁም አይደል?» ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ብንነሣ ኖሮ ለቀብሩ 3,000 ብር፣ ለለቅሶው ደግሞ የሴቶቻችን እንጀራ ይበቃ ነበር። ስለዚህ የምንለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ወደ አጥቢያችሁ ስትመለሱ በዚህ ሳምንት ውስጥ፣ በጠና የታመመ ሰው ያለበትን አንድ ቤት ጠይቁ፤ ዕድራቸው መድረሱንም እዩ። ከዚያ የቀረውን ትጀምሩታላችሁ።

ሐዘንተኞችን የሚያጽናና አምላክ እጃችንን ለዚህ ያበርታልን። አሜን።